ደረቴ ላይ የያዝኩት ጉጉት

ሰው ወደ ፎቶ ቤቴ የሚመጣው በሁለት ጉዳይ ነው፤ አንድም ለመታወቂያ፣ አንድም ለለቅሶ። ሰርጉን፣ ልደቱን፣ ምርቃቱን ስልክ ወስዶታል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው ብርቅ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነው። አልከራከርም፤ ደክሞኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጬ «አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ» ስል ኖሬ፣ አሁን ጉልበቴ ከወንበሩ እኩል ይንቋቋል።

የለቅሶው ፎቶ ግን አሁንም የኔ ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ መጀመሪያ ከሚሮጥባቸው ቦታዎች አንዱ ፎቶ ቤት ነው። የሟቹን መታወቂያ ወይም የተጨማደደ ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡና «አሳድጊልን» ይላሉ። ማኅተሙን ከፊቱ ላይ አጠፋለሁ፣ መልኩን አጠራለሁ፣ አሳድጌ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰጣለሁ። ከቤተሰቡ አንዱ ፎቶውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ መስታወቱን ወደ ሰው አዙሮ ከለቀስተኛው ፊት ይሄዳል። ያን ያየ ሁሉ ያለቅሳል። ማን እንደሞተ እንኳ ሳያጣራ የሚጀምር አለ።

ከዚህ ሥራ የተረፈኝ አንድ አመል ቢኖር ፊት ሲሰጠኝ ቶሎ ብዬ ዓይን ማየት ነው። ዓይኑ ከወጣልኝ ሌላው ይወጣል። ጉጉት ላይ የወደቅኩትም በዚሁ አመሌ ነው። ጓደኞቼ «ባል አጥታ ጉጉት አገባች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ባልም ነበረኝ፤ የጉጉቱን ያህል አላየኝም።

ጉጉት በኛ ቤት ስሙ በበጎ ተነስቶ አያውቅም። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ አባቴን ተከትላ ከሰሜን የመጣችው እናቴ፣ ጣራ ላይ ጉጉት ከጮኸ ከዚያ ቤት ሬሳ ይወጣል ብላ ታምን ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴም እንደሷው ናቸው፤ የአገሩ ተወላጅ ቤንቹም፣ ሸኮውም እንዲሁ። በብዙ ነገር የማንስማማ ሰዎች ጉጉት በመጥላት አንድ ነን።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ጉጉቶቼን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ቀበሌ፣ መታወቂያ ለማሳደስ ከተማ ድረስ መምጣት ያቃታቸውን አዛውንቶች ቤታቸው ሄጄ እንዳነሳ ተጠርቼ ነበር። ከሚኒባስ ወርጄ፣ ለጀርባ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በቡናው መሃል እየተንሸራተትኩ ከቤት ቤት ስዞር ዋልኩ። የመጨረሻው ቤት የአንድ ቤንች ሽማግሌ ነበር። በርጩማቸውን ቡናቸው መሃል ከቆመ ትልቅ ዋንዛ ሥር አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ጨርቁን ከግንዱ ጋር ወጥሬ ላነሳቸው ስል አንድ ነገር ከላይ ወድቆ ትከሻቸውን መታ። አነሳሁት። የተድበለበለ ፀጉር ነው፤ ፈልቀቅ ባደርገው ውስጡ የአይጥ መንጋጋ አለ።

«ዘበኛዬ ነው» አሉ። «አይጥ ይበላል፣ አጥንቱን ይተፋል። አትፍራ።» አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ እኔን አንዴ «አንተ» አንዴ «አንቺ» ይሉኛል። እኔም ሁለቱንም እሺ እላለሁ።

ቀና ስል ሁለት ጉጉቶች ከቅጠሉ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ጥቁር ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። መታወቂያ ሊነሳ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝም ብለው ያዩኛል። ስንት ፊት ያየሁ ሴትዮ «አገጫችሁን ቀና» ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን የሽማግሌውን ጉርድ አነሳሁና የቀረውን የካሜራ ካርድ በሁለቱ ወፎች ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ሱቄን እየዘጋሁ መመላለስ ጀመርኩ። እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። ሽማግሌው ስለ ቤታቸው አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ በቤቱ ጉጉቶቹን የሚወድ እሳቸው ብቻ ናቸው። እዚያው ግቢ የሚኖረው የበኩር ልጃቸው ሚስት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ነበር። ልጃቸው ይህን በጉጉቶቹ አሳበበ፤ ዋንዛውን ቆርጦ ሊያባርራቸው ይፈልጋል። «እኔ እያለሁ ዋንዛው አይነካም» ብለውታል አባት። ልጁም አባቱን የሚያከብር ሰው ነው፤ እሺ አለ። እንግዲህ የዛፉ ዕድሜ የሽማግሌው ዕድሜ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለ ጉጉት ዓይን ያነበብኩትን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። የጉጉት ዓይን እንደኛ ድቡልቡል አይደለም፤ ወደ ውስጥ የረዘመ፣ የሌንስ ቱቦ የመሰለ ነው። በአጥንት ቀለበት ስለተያዘ ካለበት አይንቀሳቀስም። እኛ አንገታችን ሳይዞር በዓይናችን ጥግ ጎረቤት እናያለን፤ ጉጉት ግን ወደ ጎን ማየት ከፈለገ ጭንቅላቱን ማዞር አለበት።

«በስርቆት አያይም ማለት ነው» አሉኝ። «ጨዋ ነው።»

ሲመሽ፣ ብርሃኑ አልቆ ካሜራዬ እጁን ሰጥቶ ጥቁር ብቻ በሚያቀብለኝ ሰዓት፣ ጉጉቱ ቅጠል ሥር የምትሹለከለክ አይጥ ለይቶ ያያል። አፍንጫው ሥር ያለውን ግን በደንብ አያይም፤ የያዛትን አይጥ በመንቁሩ ዙሪያ ባሉት ፀጉሮች እየዳበሰ ነው የሚበላት። ይህን ስላቸው «እኔስ ጎደሬዬን በጣቴ አይደል የማየው» ብለው ሳቁ።

አንገቱ እስከ ጀርባው ድረስ ይዞራል ስላቸው ግን አላመኑኝም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ዛፉን መዞር ጀመሩ። «አየኝ?» ይላሉ፤ «አየዎት» እላለሁ። ጥቂት ይራመዳሉ፤ «አሁንስ?»፤ «አሁንም እያየዎት ነው።» ከዛፉ ጀርባ ሲደርሱ ጉጉቱ ጭንቅላቱን በዚያው ጀርባው ላይ አዙሮ ይጠብቃቸዋል። ትንሽ አልፈው ሲሄዱ ድንገት በሌላው በኩል መልሶ ይቀበላቸዋል። «ይቺ ወፍ አንገት ተበጠሰ!» እያሉ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ትንፋሽ አጥሯቸው ቡና ግንድ ተደግፈው ሲስቁ እንባቸው ፈሰሰ። ያን ያህል የሳቀ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አልሳቅኩም።

ባለፈው ዓመት፣ ቡና መልቀም ሲጀመር፣ ታመሙ። እግራቸው አበጠ፤ አልጋ ላይ ዋሉ። በአንድ የሚኒባስ ረዳት በኩል መልእክት ላኩብኝ፦ «ወደ ውጭ መውጣት አቅቶኛል። ጉጉቱን በትልቁ አድርገሽ አምጪልኝ፤ ዓይኑን ልየው።»

ያን ሳምንት አራት የለቅሶ ፎቶ ሠርቻለሁ። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ አንዱን ፊት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። የጉጉቱን ፎቶ ፕሪንተሬ በሚችለው መጠን አወጣሁና እጄ እንደለመደው ፍሬም አነሳ። ጥቁር ነው። ሌላ ቀለም የለኝም፤ ጥቁር ያልሆነ ፍሬም የሚያዘኝ ሰው ካጣሁ ቆይቷል። አስቤበት ቢሆን ኖሮ ያለ ፍሬም ጠቅልዬ እወስድላቸው ነበር። አላሰብኩም። በድካም የሚሠራ እጅ አያስብም።

ከሚኒባስ ስወርድ ዝናብ ነው። ፎቶውን የጠቀለልኩበት ጋዜጣ ረጥቦ ተበጣጠሰ። ፎቶ አንሺ ሁሉ እንደሚያውቀው ውሃ መስታወቱን አይጎዳውም፤ ከኋላ ያለው ካርቶን ከራሰ ግን ፎቶው አለቀለት። ስለዚህ ካርቶኑን ካፖርቴ ላይ አጣብቄ፣ መስታወቱን ወደ ዝናቡ አዙሬ፣ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ በቡናው መሃል መሄድ ጀመርኩ።

አንዲት ጎረቤት ከዝናቡ ልታሸሽ ቡናዋን ከማድረቂያው አልጋ ላይ ትሰበስብ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። በሷ ዓይን፣ የለቅሶ ፎቶ የምትሠራዋ ሴትዮ ጥቁር ፍሬም ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ወደ በሽተኛው ቤት እየሄደች ነው። በዝናብ መሃል መስታወቱ ያብረቀርቃል እንጂ ውስጡ ያለው አይለይም። ጎረቤቲቱ የያዘችውን ቡና በተነችና ራሷን ይዛ ጮኸች፦

«ወየው! አባታችን!»

ከላይኛው ቤት ሌላዋ ተቀበለቻት። ከታች ሦስተኛዋ። እኔ ደንግጬ «አልሞቱም! አልሞቱም!» እያልኩ ሮጥኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ለቅሶ ላይ «አልሞተም» እያለ የማይጮህ አለ? የኔን ጩኸት ሲሰሙ ይብስ ቀለጠ። ለቅሶው ከኔ ፊት ፊት እየሮጠ ግቢው ደረሰ፣ በሩን አልፎ ገባ። እኔ ስደርስ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ በክንዳቸው ተደግፈው፣ በደከመ ዓይናቸው ወደ በሩ እየተመለከቱ «ማነው የሞተው?» ይላሉ።

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ተቆረጠ። ሁሉም ዞረው ወደ እኔ አዩ፤ ከእኔ ወደ ፍሬሙ አዩ። የሽማግሌው ፊት መሆን በነበረበት ቦታ ጉጉት ተቀምጧል። አንዷ አማተበች። ሌላዋ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ወጣች።

እሳቸው ነገሩ ሲነገራቸው ሳቁ። ሳል እስኪጥላቸው ሳቁ። «ማነው በጣም የጮኸው?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። «እሷማ ትናንት ፍየሌን ስትራገም ነበር!» አሉ። ከሳቸው በቀር አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ያኔ ልጃቸው ገባ። ከታችኛው ቡና ለቅሶውን ሰምቶ ነው የሮጠው፤ በመንገድ ወድቆ ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ጭቃ ሆኗል። አባቱን አየ። በሕይወት አሉ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። ቀጥሎ የያዝኩትን አየ። የሰውየው ፊት ሲለወጥ ዓይኔን መስበር ነበረብኝ።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ከቤቴ አውጪልኝ።»

«ይቀመጥ» አሉ አባት። «ለኔ ነው የመጣው። አምጪው፣ ቅረቢ።»

ልጁ መሃላችን ቆመ። አባቱን እምቢ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። መናገር እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ገባ ብዬ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ትንሽ በሚያየው ዓይናቸው ላሳያቸው እችል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። አላደረግኩትም። ረጥቤያለሁ፣ አፍሬያለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደክሞኛል። ፎቶውን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌው የጉጉቱን ዓይን አላዩትም። በዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም፤ የምልም አይመስለኝም።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ጃንጥላ ይዞ እስከ መንገድ ሸኘኝ።

«በቁሙ የተለቀሰለት ሰው አይቆይም» አለኝ። «ዋንዛውን ነገ እጥለዋለሁ።»

«እባክህ፣ አባትህ እስኪሻላቸው ጠብቅ።»

«እንዲሻለው ነው የምቆርጠው» አለ። ከልቡ ነው። ሚኒባሱ መጣ፣ ገባሁ።

ቀጥሎ የነበረውን ሰኞ አልሄድኩም። ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ፤ የመጣ ግን አልነበረም። እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር፤ ምናልባት መጋዝ የሚያከራየው አልተገኘ ይሆናል፤ ምናልባት ዝናቡ አስቁሟቸው ይሆናል፤ ምናልባት አባት ቆጣ ብለው ከልክለውት ይሆናል። ምናልባት ማለት አድካሚ ሥራ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጁ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ራሱን ተላጭቷል። ያን ሳይ ወንበሩን ሳብኩለት። የአባቱን መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔው ያነሳሁት ጉርድ ነው፤ ማኅተሙ አንዱን ዓይን እንዳለ ሸፍኖታል።

«ከዚህ የተሻለ ይኖርሻል ብዬ ነው» አለ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሰኞዎቼን ፋይል ወደ ታች እየወረድን አየን፤ ጉጉት፣ ጉጉት፣ ቅጠል፣ ጉጉት። መሃል ላይ አባቱ መጡ። ዛፉን በዞሩበት ቀን አንዴ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ እሳቸውን አንስቻቸው ኖሯል። ምርኩዛቸውን እንደያዙ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰብረው፣ ጥርስ የሌለው አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ነው።

«ይሄ» አለ። «ይሄ ይሁን።» ደግሞ ጨመረ፦ «ከኋላ ያለውን ግን አጥፊልኝ። ዋንዛውን። ለቀስተኛው እንዳያየው።»

«ቆረጥከው?»

«በማግስቱ።»

«መጋዙን ሰሙ?»

እጁን አየ። «ሰማ። የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የጎረቤት ነው አልኩት።»

«አመኑህ?»

«ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።»

ማጥፋት ጀመርኩ። እሱ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኖ በትከሻዬ በኩል ያያል። መጀመሪያ ግንዱን አነሳሁ። ቀጥሎ ትልልቆቹን ቅርንጫፎች። ቅጠሉ ከሽማግሌው ሽበት ጋር የተጠላለፈበት ቦታ ጊዜ ፈጀብኝ፤ አንዷን ቅጠል ሳጠፋ አንዷ ትወጣለች። ከላይ ጥግ፣ ብዥ ብሎ፣ የአንዱ ጉጉት ደረት ነበር። እሱንም አጠፋሁት። ዛፉ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በኔ እጅ፣ ወደቀ። በምትኩ ሰዉ ለለቅሶ የሚወደውን ሰማያዊ ሞላሁበት። ስጨርስ ከሰዓት ሆኗል። ሽማግሌው ባዶ ሰማያዊ እያዩ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ።

ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ወፉን እያየ ነው እንዲህ የሳቀው?»

ልዋሸው እችል ነበር። አቅሙ ጠፋኝ።

«ወፉ አይታያቸውም ነበር» አልኩት። «እኔ ነበርኩ የምነግራቸው። የሳቁት ወፉ እሳቸውን ስላያቸው ነው። በሄዱበት ሁሉ ዓይኑን ስላልነቀለባቸው።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አለ። «አባቴን በየቀኑ አየው ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። መብራት ሳይሄድ ብዬ ፕሪንተሩን አበራሁ።